ፈጣኗ መኪና

ቴፓኤሩ እናቷን ይዛ ሱቅ መሄድ አልፈለገችም ነበር። ሐሳቧ ብቻዋን ሄዳ ፈጣን የስፌት መኪና መግዛትና አክስቷ ቤት ደብቃ መስፋት ነበር። ግን እናቷን አካይቲን ማን ይችላታል! አቫሩዋ ከተማ ያለው ሱቅ መኪና አስመጣ ሲባል ሰምታ፣ ባርኔጣዋን ደፍታ፣ ከልጇ ቀድማ ሞተር ሳይክሉ ላይ ጉብ አለች።

"አንቺ ስለ መኪና ምን ታውቂና ነው? የማይረባውን ያሸክሙሻል" አለቻት።

ሐኪሙ የነገረው ለቴፓኤሩ ብቻ ነው። እናትሽ ለገና አትደርስም ብሏታል። እሷም ነገሩን በሆዷ ይዛ፣ ፊቷን እያሳመረች ሰነበተች። ሌላም የሚያንገበግባት ነገር ነበር። አካይቲ ዕድሜዋን ሙሉ ቲቫይቫይ በእጇ ስትሰፋ ኖራለች። ከጨርቅ በተቆረጠ አበባና ቅጠል የተንቆጠቆጠውን ያን ትልቅ የአልጋ ልብስ ለሙሽራው፣ ለፓስተሩ፣ ለእንግዳው ስታድል ለራሷ አንድ እንኳ አላስቀረችም። በመንደራቸው ደግሞ ትልቅ ሴት በቲቫይቫይ ሳትጠቀለል አፈር ከለበሰች፣ ልጅ ቀና ብሎ አይሄድም። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ተሰብስበው ቢሰፉት ደስ ባላት፤ ግን በእጅ መርፌ ዓመት ይፈጃል፣ ለእነሱ ከነገረች ደግሞ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ይገባል።

ባለሱቁ ኖሮዋ ሁለት መኪና ጠረጴዛ ላይ አወጣላቸው። አንዷ አዲስ፣ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ናት። ሌላዋ በእጅ የምትዞር ከባድ ብረት።

"ማማ አካይቲ! እርስዎ ወደ መኪና? ኧረ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ እንዳይወድቅብን!"

"ያንተን መዝሙር የቻለ ጣሪያ ይህን አያቅተውም። ዝም ብለህ አሳየኝ።"

አካይቲ ሰፊ ጨርቅ አጥፋ ከመኪናዎቹ ክንድ ሥር አሳለፈች፣ ጎተተች፣ በመዳፏ ስፋቱን ለካች። ከዚያ የብረቷን እጀታ ቀስ አድርጋ አዞረች።

"ይቺ ናት። የቅጠሉ ጫፍ ላይ ስትደርሺ ቀጥ ትልልሻለች። ያቺኛዋ ቅጠሉን ዘላው ነው የምትሄደው።"

"ቀርፋፋ ናት እማዬ። ፈጣኗን እንውሰድ።"

"ማን እያሳደደን?"

ቴፓኤሩ አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች። "ለልጄ የጸጉር መቁረጥ በዓል የሚሆን ቲቫይቫይ ነው። ቶሎ መድረስ አለበት።"

ወይ ውሸት! የቸኮለ ጊዜ እንዲህ ባለቤቱን ያዋርዳል። በአገሩ ወግ ወንድ ልጅ ጸጉሩ ሳይነካ አድጎ ጀርባው ላይ ሲወርድ ነው ዘመድ ተሰብስቦ ጉንጉን ጉንጉኑን የሚቆርጥለት። የእሷ ልጅ ጸጉር ገና ጆሮውን አልሸፈነም። በየጠዋቱ የምታበጥረው ደግሞ አካይቲ ናት።

ኖሮዋ ከት ብሎ ሳቀ። "ያ ሕፃን? ለእሱማ መርፌም ይደርሳል፣ እየተኛችሁ ስፉለት!"

አካይቲ አልሳቀችም። የልጇን ፊት አየች፣ አየች። ቴፓኤሩ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

"ሐኪሙ ነው?"

ቴፓኤሩ ልትክድ ፈለገች። እንባው ግን መጣ። አካይቲ እጀታውን ለቀቀችና ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ፈርታ ነበር። ኖሮዋም ነገሩ ገብቶት ሳቁን ዋጠ።

"ፈጣኗን አምጣ" አለችው አካይቲ።

"አይሆንም!" ቴፓኤሩ ብረቷን መኪና በሁለት እጇ አቀፈች። "ይቺ ትሻላለች እማዬ፣ አንቺው የመረጥሻት። ቀስ እያልን እንሰፋለን፣ ምን አስቸኮለን..."

"ልቀቂያት ልጄ።"

"በእጅ የምትዞረዋ ትሁንልን፣ እባክሽ!"

አካይቲ ተነስታ የልጇን ጣቶች አንድ በአንድ ከብረቱ አላቀቀች።

"አበባውን እኔ ነኝ የምቆርጠው። አንቺ ስትቆርጪ ጎመን ነው የሚመስለው፤ በጎመን ተጠቅልዬ አባትሽ ዘንድ አልሄድም። ለሴቶቹም ንገሪያቸው፣ መጥተው ያግዙን።" ከዚያ ወደ ኖሮዋ ዞረች። "ፈጣኗን አልኩህ እኮ። ቲቫይቫዩ አልቆ ተዘርግቶ በዓይኔ ላየው እፈልጋለሁ።"