እማዬን በትክክለኛ መልኳ ያመጣችልኝ ረምላ

ረምላን አታውቋትም? ሆሳዕና ከተማ ኖሮ እሷ ጋ ፎቶ ያልተነሳ ሰው ካለ ለራሱ ይዘን። እኔ በቀላሉ ሰው የማደንቅ አይደለሁም፣ የዶዮገና ሰው ሁሉ ይመስክር። እሷን ግን አደንቃታለሁ።

እማዬ ፎቶ አትወድም ነበር፤ ካሜራ ካየች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስባለች። ስትሞትብን የተገኘው ምስል ወንድሜ ቢንያም በመስቀል ዕለት ሳታየው በሞባይሉ ያነሳት ብቻ ነው። አባዬ "ለአርባዋ በትልቁ አሳጥባችሁ ስቀሉልኝ፤ መልኳ እንዳይጠፋብኝ" አለ። ሐዘን ከገባን ወዲህ ምግብ እንኳ በልመና ነው የሚቀምሰው፤ አፉን ከፍቶ የጠየቀን ይህንን ብቻ ነበር።

ጊዜው 2002 ነው፣ የምርጫ ሰሞን። የረምላ ፎቶ ቤት ክራባት ባሰሩ ዕጩዎች ተጨናንቋል፤ ሁሉም "ቀላ አድርጊኝ" ይላል። እኛ አገር ፎቶ ቤት ጠይም ሆኖ የገባ ቀይ ሆኖ ካልወጣ ይቀየማል።

እኔና ቢንያም ይዘነው በገባነው ሞባይል ላይ እማዬ ቦግ ብላለች። ረምላ ኮምፒውተሯ ላይ ስትከፍታት ግን ጨለማ ቤት የተቀመጠች መሰለች።

"እናቴን ምን አደረግሻት?" ብዬ ጮህኩ።

"እህቴ፣ ምንም አልነካሁም። ሞባይሉም የራሱ ብርሃን አለው፣ ኮምፒውተሬም የራሱ። ወረቀት ግን ብርሃን የለውም። የቱን ልመን?"

"ሞባይሉን ነዋ!" አለ ቢንያም። "አድምቂያት!"

"መጀመሪያ በትንሹ ሞክረን ብናየው" አለች። የምን ሙከራ፣ የዶዮገና መኪና ሊያመልጠን ነው አልኳት። አድምቃ በትልቁ አተመችልን።

ቤት ስንደርስ አባዬ ፎቶውን መስኮቱ ጋ ወስዶ አየው።

"ይህቺ ሴትዮ ማን ናት?"

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ክንዴን ያዘና እጅጌዬን ሰበሰበው። "መልኳ እኮ ይኼ ነው፣ ራሔል። ያንቺው ነው። ሚስቴን አምጡልኝ።" ፎቶውን ደፍቶ አስቀመጠው።

በማግስቱ፣ የአርባው ዋዜማ፣ ብቻዬን ተመለስኩ። "የማላውቃትን ሴትዮ ነው የሰጠሽኝ!" ብዬ ገባሁ። እኔ ብሆን "አድምቂ ያለኝ ማን ሆነና!" ብዬ አባርር ነበር። ረምላ ግን "አባባ ምን አሉ?" ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት፣ ክንዴንም አሳየኋት።

"ነይ!" ብላ ጎትታ ደጅ አወጣችኝ። ፀሐይ በማይመታበት ጥላ ሥር አቆመችኝ። ከዚያ የእማዬን ጉንጭ ብቻ በትንንሽ ወረቀት እያተመች፣ አንዱን ጠቆር ሌላውን ፈካ እያደረገች፣ እየሮጠች መጥታ ክንዴ ላይ ታስጠጋለች። ትመለሳለች፣ ደግሞ ትመጣለች። አንዱ ባለክራባት "ወረፋ አለ እኮ!" ብሎ ተቆጣ።

"ጋሼ፣ ሰው ጠፍቶብን እየፈለግን ነው። ይታገሱኝ" አለችው። ሰውዬው ክራባቱን እያስተካከለ ተቀመጠ።

በመጨረሻ አንዷን ቁራጭ ስታስጠጋት ወረቀቱ የት አልቆ ቆዳዬ የት እንደሚጀምር መለየት አቃተኝ።

"ማሻአላህ! አገኘናት" አለች ረምላ።

ያው ምስል ኮምፒውተሩ ላይ ጭልም ብሎ ነበር፤ እሱን ብቻ ባይ ኖሮ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አላሳጥበውም ነበር። "ስክሪኑን ተዪው፣ ክንድሽን እዪ" አለችኝና በትልቁ አተመችው። እጇ ይባረክ! ስንቱን ሰው ስታቀላ የምትውል ሴት፣ የእኔን ጠይም እናት ፍለጋ እንደዚያ ስትሮጥ ማየት ነበረባችሁ።

ጀንበር ሳትጠልቅ ቤት ደረስኩ። አባዬ ፎቶውን ተቀብሎኝ መስኮቱ ጋ ሄደ። አያት፣ አያት፤ አውራ ጣቱን ጉንጯ ላይ አሳረፈ።

"ምነው አንቺ" አላት፣ "ዛሬስ አመሸሽ።"