ደሜ ውስጥ የተገኘው ብግነት

የላቦራቶሪዋ ሴት "ብግነት አለብህ" ስትለኝ፣ "በማን?" አልኳት።

አጠገቤ ተራ የሚጠብቁ አዛውንት ከት ብለው ሳቁ። "በሚስቱ ነዋ!"

"ሚስት የለኝም፣ አባባ።"

"እንግዲያ በማጣትህ ነው።"

ሴትየዋም ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "ሰው ላይ መብገንህን አይደለም የምልህ። ጉበት የሚሠራው አንድ ፕሮቲን አለ፤ ሰውነት የሆነ ቦታ ሲቆጣ ደም ውስጥ ይጨምራል። ያንተ ከፍ ብሏል።"

ሐኪሙ ጉሮሮዬን አየ፣ ጥርሴን አየ፣ ደረቴን አዳመጠ። ምንም አላገኘም።

"እንቅልፍስ?"

"የለም።"

"የሚያስጨንቅህ ነገር አለ?"

የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ ጀመርኩ።

"ጭንቀት ሲቆይም ይህን ፕሮቲን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ነው ብዬ ግን አልፈርድም። ሰኞ በባዶ ሆድ ና፣ ደግመን እናያለን። ዛሬ መርፌ አይተህ ወድቀሃል፣ ሰው ይዘህ ና።"

ሰው። ከየት ይመጣል?

የምሠራው ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ የእንግዶችን አንሶላ እተኩሳለሁ። ማጠቢያው ሲጮህ ይውላል፣ ማንም ማንንም አይሰማም፤ ባልደረቦቼ "አባ ዝም" ይሉኛል። ቤቴ ስገባ ደግሞ የሚጮህም የለም። አንዳንዴ ጎረቤት በር ሲንኳኳ "አቤት" እላለሁ።

አንዲት ታላቅ እህት አለችኝ። አባታችን እሷ ጋ ሲያርፍ ያረዳችኝ ከተቀበረ በኋላ ነው። "ብቻህን ነህ፣ ትደነግጣለህ ብዬ" አለች። ከዚያ ወዲህ ስትደውል አላነሳም። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ሲዞር፣ ዞሮ ዞሮ ሲያቆም አያለሁ። እኔ እሷን የቀጣኋት ይመስለኝ ነበር።

እሁድ ከሰዓት ደወልኩ።

"ማነው?" አለች፤ ቁጥሬን እያወቀች።

"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

"ምን ሆንክ? ሰው ሞተ?"

"ኧረ የለም። በግኛለሁ።"

"በእኔ ነው አይደል?"

"ሐኪም ቤት ነው ያሉኝ። ደሜ ውስጥ ተገኘ።"

"ደምህ ውስጥ? ይሄን ያህል?" ድምፅዋ ተሰበረ። ፕሮቲን ነው፣ ጉበት ነው የሚሠራው ልላት ፈለግሁ፤ አላልኩም።

"አዎ፣ ይሄን ያህል" አልኳት። "ሳትጠሪኝ ቀበርሽው።"

ስታለቅስ ሰማኋት። ላባብላት አልቻልኩም፤ ስልኩንም ግን አልዘጋሁም።

"ነገ ደግመው ደም ይወስዳሉ" አልኩ በመጨረሻ። "ሰው ይዘህ ና ብለውኛል።"

"በባዶ ሆድ ነው?"

"አዎ።"

"እንግዲያ እኔም ሳልቀምስ እመጣለሁ" አለችኝ።