የካማሮው ሞተር ቁጥር

ተፈሪ መኪናውን ለመሸጥ የቆረጠው በጃንዋሪ 2021 ነው። በኮሮና ምክንያት ታክሲ መንዳት ካቆመ ዐሥር ወር ሆኖታል፤ ሰሜን ላስ ቬጋስ አሊያንቴ ሰፈር ያለውን ቤቱን ይዞ ለመቆየት የቀረው ነገር ጋራዡ ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ የቆመው የ1969 ካማሮ ብቻ ነበር። ገዢው ቦልደር ሲቲ የሚኖር ጡረተኛ ነው። ቅዳሜ መጥቶ ከማየቱ በፊት፣ የትኛው ዕቃ ከፋብሪካ እንደወጣ፣ የትኛው በኋላ እንደተለወጠ ተጽፎ እንዲላክለት ጠየቀ።

ለዚህ ሥራ ተፈሪ የጠራው ነጅሙዲንን ነው። ነጅሙዲን ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ያደገ መካኒክ ነው። ላስ ቬጋስ ከመጣ በኋላ ግን ዐሥራ ስድስት ዓመት የሆቴል ሰርቪስ ሲነዳ ቆይቶ፣ ባለፈው ማርች ከሺፍቱ ሰዎች ጋር ከሥራ ተቀነሰ። ከሚኖርበት ከሜሪላንድ ፓርክዌይ ሁለት አውቶቡስ ይዞ መጣ።

"ማስኩን አገጭህ ላይ ያደረግከው ጺምህ እንዳይበርደው ነው?" አለው ተፈሪ።

"ሁለት ሰዓት አፍኖኝ መጥቷል። እሱም ትንሽ ይረፍ።"

የተፈሪ ልጅ ማያ ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀምጣለች። ትምህርቷን ከቤት ሆና መማር ከጀመረች ሁለተኛ ሴሚስተሯ ነው። "ጋሼ ነጅሙ፣ እርስዎ ንገረኝ፣ እኔ ታይፕ አደርጋለሁ" አለች፣ እንደ ልማዷ አንተና አንቱን እያደባለቀች።

ነጅሙዲን ከቦርሳው ማግኔት አውጥቶ ቀለሙን እንዳይጭረው በጨርቅ ጠቅልሎ በመኪናው ጎን ቀስ እያለ አስኬደው። በሩ ላይ ያዘ። ከግራው የኋላ ጎማ በላይ ሲደርስ ተንሸራቶ መዳፉ ላይ ወደቀ።

"ስቱኮ ነው" አለ። "ላሜራው ዝጎ በስቱኮ ተሞልቷል፤ ብረት የለም።"

"እኔ ሳልገዛው በፊት ነው እሱ።"

"ማን ሞላው አላልኩም።"

ከፊት ጎማው በላይ ያለው የቀኙ ፓራፋንጎ ብሎኖች ጥግ ጥጋቸው ላይ ቀለማቸው ተላጧል፤ አንድ ጊዜ ተፈትተው ታስረዋል ማለት ነው። የፊቱ መስታወት የኋላ ዘመን ነው። ሬዲዮውም፣ ወንበሮቹም እንዲሁ። ማያ ትጽፋለች። ተፈሪ በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ትንሽ እየዛለ ሄዶ በመጨረሻ ግድግዳውን ተደገፈ።

"ምኑ ቀረልኝ ታዲያ?"

"ጣራው ደህና ነው። ዳሽቦርዱም።"

"ኦሪጅናል ሞተሩ ይበቃኛል። ሰውየው የሚፈልገው ሞተሩን ነው፤ ሌላውን ይለውጠዋል።"

ነጅሙዲን ኮፈኑን ከፍቶ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ እጁ ግን ንጹህ ነበር።

ነገሩ ከሆነ ዐሥር ዓመት ሊሞላው ነው። ተፈሪ እናቱን ለማስታመም አዲስ አበባ ሄዶ አራት ወር ሲቆይ የመኪናውን ቁልፍ ለነጅሙዲን ሰጥቶት ነበር፤ በሳምንት አንድ ጊዜ አስነሳልኝ ብሎ። ነጅሙዲን አንድ እሑድ ይዞት ወጣ። በጁላይ ሙቀት ከቦልደር ሲቲ ሲመለስ የውሃው ቱቦ ፈነዳ፤ እሱም እደርሳለሁ ብሎ ነዳ። የሞተሩ ዋና አካል፣ ብሎኩ፣ ተሰነጠቀ። ከአሮጌ መኪና መሸጫ ተመሳሳይ ሞተር ገዝቶ ቅዳሜና እሑድ እየሠራ ገጠመው። የተሰነጠቀውን ለቁርጥራጭ ብረት ሰጠ። ከዚያ ባደገበት ጋራዥ ማንም እንደሚያደርገው አደረገ፤ የአዲሱን ሞተር ቁጥር በሞረድ አጥፍቶ፣ ከአገሩ በሻንጣ ይዞ በመጣው የቁጥር መምቻ የመኪናውን ቁጥር መታበት። እዚያ ሞተር የለወጠ መካኒክ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ካላስማማ ሥራውን ጨረሰ አይባልም ነበር፤ ባለንብረቱ ምርመራ ላይ ይንገላታልና። ተፈሪ ሲመለስ "ትንሽ ውሃ አስቸግሯት ነበር፣ ሠራኋት" አለው።

በ2014 ሁለቱ አንድ ሆቴል ግቢ የአሮጌ መኪና ትርኢት ሊያዩ ሄዱ። ከሞተር ጀርባ የሚያይበት መስታወትና የእጅ ባትሪ የያዘ አንድ ሽማግሌ ለሌላ ሰው ሲያስረዳ ነጅሙዲን ሰማ፤ የተለወጠ ሞተር ዋጋ ይቀንሳል፣ የተመታ ቁጥር ግን ማጭበርበር ነው አለ። ተፈሪ ፈንዲሻ ሊገዛ ሄዶ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ነጅሙዲን የመኪናው ነገር በተነሳ ቁጥር ወሬ ይለውጣል።

ማያ በስልኳ መብራት የሞተሩን ፊት አየችና ቁጥሩን ከሻንሲው ቁጥር ጋር አስተያየች። "ማች ያደርጋል ዳዲ።"

"አላልኳችሁም?" አለ ተፈሪ። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ።

"አንድ ነገር ቀረ" አለች ማያ፣ ኮምፒውተሯ ላይ የከፈተችውን መመሪያ እያነበበች። "ብሎኩ የተሠራበት ቀን ከኋላ በኩል አለ ይላል። ካልታየ ስኪፕ አድርጉት ይላል።"

"ተወው" አለ ተፈሪ። "ቅባት ነው እዚያ። ወገብህን ልትሰብር ነው?"

ነጅሙዲን ቦታውን ያውቀዋል። የዐሥር ዓመት ቅባት ደርቆበታል፤ አይታይም ቢል ማንም አይጠይቀውም። ቅዳሜ የሚመጣው ሰው ግን እንደዚያ ሽማግሌ መስታወትና የእጅ ባትሪ ይዞ ይመጣል። ጨርቁን ቤንዚን ነክሮ በሞተሩ ላይ ተንጠራራና ማሸት ጀመረ። ብዙ አሸ።

"ነይ አንብቢ" አላት።

ማያ አንገቷን አስገባች። "ዲ፣ ዐሥራ አራት፣ ዜሮ። ዲ አፕሪል ነው፣ ዜሮው ሰባ። አፕሪል ዐሥራ አራት፣ 1970።" ኮምፒውተሯን አየች። "መኪናው ግን የተሠራው 1969 ማርች ነው። ሞተሩ እንዴት በኋላ ይሠራል?"

"እኔ ነኝ የለወጥኩት" አለ ነጅሙዲን። ተፈሪ እናቱን ሊያስታምም የሄደ ጊዜ መሆኑን፣ ቱቦውን፣ መንዳቱን፣ ቁጥሩን መምታቱን ምንም ሳያስቀር ነገረው።

ተፈሪ ከተቀመጠበት ተነሳ። "ትንሽ ውሃ አስቸግሯት ነበር ነው ያልከኝ።"

"አዎ።"

"እዚህ አገር ወረቀቱ ላይ የሞተር ቁጥር እንኳ አይጻፍም። ለማን ብለህ መታኸው?"

"ያኔ አላወቅኩም።"

"መቼ አወቅክ?"

"ሰባት ዓመት ይሆነኛል።"

"ሰባት ዓመት" አለ ተፈሪ። "ለመጣው ሁሉ ኦሪጅናል ሞተር ነው እያልኩ ስፎክር አጠገቤ ቆመህ ሻይ ትጠጣለህ።"

"ሻዩ ግን አይወርድልኝም ነበር።"

"አሁንም ትቀልዳለህ።"

"አልቀለድኩም።"

ማያ ሁለቱንም አየች። "ጋሼ፣ እርስዎ ባይጠርገው እኮ እኛ አናይም።"

"ሰውየው ያየዋል። ያኔ ሌባ የሚባለው አባትሽ ነው። ጻፊ፤ ሞተሩ የተለወጠ ነው፣ ቁጥሩን የመታው ነጅሙዲን ነው፣ ባለቤቱ አያውቅም።"

ማያ ጣቶቿን ሳታንቀሳቅስ አባቷን ጠበቀች።

"ጻፊው" አለ ተፈሪ። "ዓመቱንም ጻፊ።"

ዝርዝሩ ተላከ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ መልስ መጣ። ሰውየው ስለ እውነቱ አመስግኖ ቅዳሜ እንደማይመጣ ጻፈ፤ ዋጋው በግማሽ ከወረደ ግን እንዲነግሩት። ተፈሪ አነበበና ስልኩን ኪሱ ከተተ። ማያ ኮምፒውተሯን ዘግታ ወደ ቤት ገባች።

ነጅሙዲን ማግኔቱን ከጨርቁ ፈቶ ቦርሳው ውስጥ አደረገ። ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሊሄድ ሲል ተፈሪ ቁልፉን አነሳ።

"ግባ።"

"በአውቶቡስ እሄዳለሁ።"

"ግባ አልኩህ።"

ካማሮው በአንድ ጊዜ ተነሳ። ተፈሪ መሪውን ይዞ ትንሽ አዳመጠ፣ የማያውቀውን ሰው ድምፅ እንደሚሰማ። እስከ ሜሪላንድ ፓርክዌይ ነዳ። ነጅሙዲን አፓርታማው በር ላይ ሲወርድ ተፈሪ ወደ ፊት እያየ ጠየቀው።

"መምቻዎቹ አሁንም አሉህ?"

"አልጋ ሥር አሉ።"

"ጣላቸው።"

"እሺ።"

ተፈሪ ደህና ዋል አላለም፤ ግን ነጅሙዲን የመኪናውን በር ዘግቶ የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ እስኪያወጣ ድረስ መኪናው ከቦታው አልተነሳም።