ኮርማው ዳገት ላይ ቀረ

ሮሐ ማስነሻውን ረገጠች። ሞተሯ እምቢ አለች። ደግማ ረገጠች፤ ሞተሯ "ክር... ክር..." አለችና ዝም። በሦስተኛው ማስነሻው ተመልሶ ቁርጭምጭሚቷን ሲመታት "ውይ! አንቺ ደሞ!" ብላ ጮኸችባት፣ ልክ እንደ ሰው።

ከአሰላ ወጥታ ወደ ጢቾ በሚወስደው መንገድ ዳገቱ ላይ ናት። ግራና ቀኝ ገብስ፣ ከላይ ጉም፣ መሃል እሷ። ከኋላዋ ደሞ በጎማ የታሰረ ትልቅ ጣሳ የመሰለ ነገር አለ፤ ውስጡ በብርድ የሚጨስ ናይትሮጅን፣ ናይትሮጅኑ ውስጥ የኮርማ ዘር። ሮሐ አዳቃይ ናት። ላም ኮርማ ስትፈልግ ይደወልላታል፣ እሷም ኮርማውን በጣሳ ይዛ ትሄዳለች። የገጠር ልጆች የሞተሯን ድምፅ ሲሰሙ "ኮርማዋ መጣች! ኮርማዋ መጣች!" እያሉ ይሮጣሉ። መጀመሪያ ሰሞን ቤት ገብታ አልቅሳለች። አሁን እጇን ታውለበልብላቸዋለች፣ ምን ታድርግ።

ስልኳ ጮኸ። ማን ይሆናል፣ እናቷ ማሚቱ ናታ።

"የት ደረስሽ?"

"ዳገቱ ጋ ነኝ እማ።"

"የሞተር ድምፅ የለም። ቆማብሻለች?"

"ስልክ ላነሳ ብዬ ነው የቆምኩት።"

"ውሸታም! መርሻ እግሩን የሰበረው እኮ እዛው ነው!"

መርሻ ከሮሐ በፊት በዚችው ሞተር ይሠራ የነበረው አዳቃይ ነው። በክራንች ሲሄድ ካየችው ቀን ጀምሮ ማሚቱ ሞተሯን ስታይ የሚታያት ሞተር አይደለም፤ የተሰበረ እግር ነው። ስለዚህ ትደውላለች። ከተማው መውጫ ላይ፣ ድልድዩ ጋ፣ ዳገቱ ጋ፣ መንደር በገባች ቁጥር።

"ስሚኝማ፣ እናንተ ቢሮ የመዝገብ ቤት ሥራ ቦታ ወጥቷል። ምዝገባው ዛሬ ነው የሚያበቃው። ስምሽን ላስገባልሽ? ቁጭ ብለሽ የምትሠሪው፣ ጣሪያ ያለው ሥራ!"

"እማ፣ መጀመሪያ ላሟ ጋ ልድረስ።"

"እሺ። ፌስታሉንስ አጥብቀሽዋል? ሊዘንብ ነው።"

"አጥብቄዋለሁ።"

ፌስታሉ የማሚቱ ሥራ ነው። የቤንዚን ታንከሩ ክዳን ጎማው አልቆ ውሃ ያስገባል፤ ሞተሯ ደሞ ውጪ ነው የምታድረው። ሌላ ሰው ቢሆን ፌስታል ከላይ ጣል አድርጎ ይገባል። ማሚቱ ግን ክረምቱ ሲገባ ፌስታሉን አጥባ፣ እጥፍ አድርጋ፣ የታንከሩን አፍ ለብጣ፣ ከላይ ክዳኑን ጥርቅም። ለልጇ ምሳ ስትቋጥር እንኳን እንደዛ አትጠነቀቅም።

ሮሐ ሰዓቷን አየች። ሊረፍድ ነው።

የምትሄደው ዘይቱና ወደሚባሉ ሴትዮ ቤት ነው። ቦቄ የምትባለው ላማቸው ትናንት ማታ ኮርማ ፈልጋለች። ማታ የፈለገች ላም ጠዋት ነው የሚደረስላት፤ ከረፈደ አበቃ፣ ሌላ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው። ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ ደውለው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ሞተሯ መንገድ ላይ ቀጥ ብላ፣ ሮሐ ስትደርስ ቦቄ ተረጋግታ ታመሰኳለች። እንደምንም ሞክራላት ነበር፣ አልያዘችም። የዘይቱና ባል ኦቦ ጉቱ ታዲያ "ይቺ ላም መካን ናት፣ ዛሬ ካልሆነላት ቅዳሜ ለሉካንዳ ትወጣለች" ብለዋል። ዘይቱና በስልክ ይሄን ሲናገሩ ድምፃቸው ተቆርጦ ነበር፤ ቦቄን ከጥጃነቷ ጀምሮ በእጃቸው ነው ያሳደጓት። መካኗ ላሟ ሳትሆን ሞተሯ መሆኗን የምታውቀው ሮሐ ብቻ ናት።

አሰላ ጋራዥ ላለው ለሙንተሲር ደወለች።

"ሙንተ፣ ሞተችብኝ!"

"ላሟ?"

"ሞተሯ!"

"አቦ፣ አታስደንግጪኝ! ትናንት እኮ ካርቡራተሯን አጥቤ፣ አስተካክዬ ነው የሰጠሁሽ። እዚህ እንደ በግ ነበረች።"

"አንተ ጋ ሁሌም በግ ናት። ዳገት ላይ ነው ፍየል የምትሆነው።"

"እሺ፣ ካንዴላዋን ፍቺና ቀለሟን ንገሪኝ።"

ሮሐ እሳት የምትሰጠዋን ትንሽ ዕቃ ፈታች፤ ጣቷን አቃጠላት። "ነጭ ናት። አመድ የመሰለች።"

"ጥቁር ብትሆን ቤንዚን በዝቶባታል ማለት ነበር። ነጭ ከሆነች ርቧታል። ካርቡራተሩ ጎን ያለችውን ብሎን በካቻቢቴ ወደ ቀኝ ሩብ ዙር። ሩብ ነው ያልኩሽ! እጅሽ ላይ መዓት አለ።"

ሩብ ዙር አዞረች። ደሞ ቤንዚን አልቆ እንዳይሆን ክዳኑን ከፍታ አየች፤ ሞልቷል ማለት ይቻላል። ፌስታሉን መልሳ፣ ክዳኑን ጠርቅማ ረገጠች። ሞተሯ በአንዴ ተነሳች!

"አንተ እኮ ዶክተር ነህ!"

"ዶክተር አትበይኝ፣ ፕሮፌሰር ነኝ።"

ደስታዋ ግን ከፍ ብሎ ያሉት ባህር ዛፎች ጋ ስትደርስ አለቀ። ሞተሯ ጉሮሮውን እንደታነቀ ሰው "ክር... ክር..." አለችና ቀጥ። እንደገና ስልክ፣ እንደገና ሩብ ዙር፣ እንደገና ክዳኑን ከፍቶ ማየት። ተነሳች። ትንሽ ሄዳ ደሞ ቀጥ። አንድ ባለጋሪ አጠገቧ ሲያልፍ ፈረሱን ቸብ አድርጎ "እህቴ፣ ይሄ እኮ ብሎን የለውም!" ብሏት ሄደ። ሮሐ ልትስቅ ፈልጋ እንባዋ መጣ።

"ሙንተ፣ በቃ፣ ላሟ ታረደች።"

"ቆይ፣ አታልቅሺ። ካርቡራተሩ ሥር፣ ከታች፣ አንዲት ብሎን አለች። እሷን ትንሽ ፍቺያት። ቤንዚን ይደርሰው እንደሆነ እንይ።"

ተንበርክካ ፈታቻት። ቤንዚኑ ትንሽ ወረደ፣ ከዛ ጠብ፣ ጠብ... ቆመ።

"ቆመ!"

"ታንከሩ ባዶ ነዋ።"

"አሁን አይቼው! ሙሉ ነው እያልኩህ!"

ተናዳ ተነሳችና ክዳኑን ከፈተች፣ ፌስታሉን ገለጠች። ታንከሩ "ፉሽሽሽ" አለ፤ ውሃ ውስጥ ጠልቆ እንደወጣ ሰው አየር ወደ ውስጥ ሳበ። ወዲያው ከታች ቤንዚኑ ጫማዋ ላይ ይንዶለዶል ጀመር።

"ሮሐ? ምን ሆነ?"

"ዝም በል አንዴ!"

ፌስታሉን መልሳ ክዳኑን ዘጋች። ቤንዚኑ ትንሽ ወርዶ ቀጠነ፣ ጠብ አለ፣ ቆመ። ከፈተች። ተንዶለዶለ። ብሎኗን መልሳ አጠበቀች።

"ሙንተ፣ ጋራዥ ስትሞክራት የታንከሩን ክዳን ከፍተህ ነው ዘግተህ?"

"ከፍቼ ነዋ። ቤንዚኑን እያየሁ። ከዛ ስጨርስ የእናትሽን ፌስታል ጥሩ አድርጌ... ወላሂ!"

"በፌስታሉ ታፍና ነው አይደል?"

"ቤንዚን ሲወርድ በሱ ቦታ አየር መግባት አለበት! እኔ ደሞ ያንን ምስኪን ካርቡራተር ስንት ጊዜ ገነጣጠልኩት!" መሳቅ ጀመረ። "ስሚ፣ ያዞርሻትን ብሎን ወደ ግራ መልሻት። አለዚያ አሁን ቤንዚን ሲለቀቅላት በጥጋብ ጭስ ትተፋለች።"

መለሰቻት። ፌስታሉን ኪሷ ከተተች። ሞተሯ ዳገቱን ያለማቋረጥ እየጮኸች ወጣችው፤ አንዴም አልቆመች፣ አንዴም!

"ኮርማዋ መጣች!" አሉ ልጆቹ ገና ከሩቅ።

ቦቄ ግንባሯ ነጭ የሆነ ቀይ ላም ናት። አንገቷ ላይ ገመድ ገብቷል፤ ኦቦ ጉቱ ጫፉን ይዘው ቆመዋል።

"ዛሬም ከሰዓት ትመጫለሽ ብዬ ምሳ ልበላ ነበር" አሉ።

"ኮቱ፣ ኮቱ፣ ነይ ልጄ!" አሉ ዘይቱና ሮጠው ወጥተው። "አሁንም ትጮሃለች! አልበረደላትም!"

"አዴ ዘይቱና፣ ለብ ያለ ውሃ! ኦቦ ጉቱ፣ እርስዎ ገመዱን አጥብቀው ይያዙልኝ፣ እንዳትረግጠኝ።"

ሮሐ ጓንቱን እስከ ትከሻዋ ሳበች፣ የኮርማው ዘር ያለባትን ቀጭን ቀሰም ከጣሳው አውጥታ ለብ ባለው ውሃ አቀለጠች፣ ሥራዋን ሠራች። ኦቦ ጉቱ ኀፍረት ይሁን ምን እንጃ፣ እስኪያልቅ ድረስ ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ቆዩ። ዘይቱና የቦቄን ጆሮ እያሻሹ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ሹክ ይሏታል።

"አለቀ። ጥሩ ሰዓት ነው የደረስኩት።"

"እና ካልያዘችስ?" አሉ ኦቦ ጉቱ።

"ቅዳሜ አያውጧት። ሦስት ሳምንት ብቻ ይዩልኝ። መካን አይደለችም፣ እኔ ነኝ ሳረፍድባት የነበረው።"

ሰውየው ሮሐን አዩ፣ ቤንዚን ያራሰውን ጫማዋን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ። ከዛ ገመዱን ከቦቄ አንገት አውጥተው ጠቅልለው ግድግዳው ሚስማር ላይ ሰቀሉት። ዘይቱና ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

ስልኳ ጮኸ።

"የት ደረስሽ?"

"ደርሻለሁ እማ! በሰዓቱ ደረስኩ፣ ጨረስኩ!"

"ተመስገን! እንግዲህ ምዝገባውን ከምሳ በፊት ሊዘጉት ነው። ስምሽን ላስገባ?"

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። ሮሐ ፌስታሉን ከኪሷ አወጣች። ልትወረውረው ነበር፤ ግን ታጥቦ፣ ተጣጥፎ፣ የማሚቱን እጅ የመሰለ ነገር ሆኖ አሳዘናት።

"አዴ ዘይቱና፣ ወስፌ አለዎት?" አለች ስልኩን ከአፏ ራቅ አድርጋ። ከዛ ስልኩን ወደ አፏ መለሰችው። "እማ፣ አታስገቢኝ።"



"ዝናብ መጥቷል አይደል?" አለች ማሚቱ፣ ቀጠን ባለ ድምፅ። "ፌስታሉን አድርጊበት።"

"አደርግበታለሁ። ቤት ልገባ ስል እደውልልሻለሁ። መሃል ላይ ግን አትደውዪ፣ አላነሳም።"

"ካላነሳሽ ደህና መሆንሽን በምን አውቃለሁ?"

"የሆነ ነገር ብሆን ሙንተሲር ይነግርሻል። ለሞተሯ ሲል ይፈልገኛል።"

ማሚቱ ሳትፈልግ ሳቀች። "ባለጌ። በይ ቀስ ብለሽ ንጂ።"

ዘይቱና ወስፌውን አመጡ። ሮሐ ፌስታሉን ዘርግታ አየር እንዲያስገባ መሃሉን ወጋችው። ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው፤ አልበቃ አላትና አንድ ቀዳዳ ጨመረች። እንደ እናቷ እጥፍ ልታደርገው ብላ ተወችው። ሳታጥፈው የታንከሩን አፍ አልብሳ ክዳኑን ዘጋችና ማስነሻውን ረገጠች።