ቀይ ክር የታሰረበት ኩባያ

ልብስ ሰፊው የሳንባ ነቀርሳ እንደያዘው የተነገረው ቀን፣ ቤቱ ገብቶ መጀመሪያ ያደረገው ነገር የራሱን ኩባያ መለየት ነበር። እጀታው ላይ ቀይ ክር አሰረበትና ከሌላው ዕቃ ነጥሎ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠው። ለስድስት ዓመት ልጁ ለሚጣ ደግሞ፣ ይሄን ኩባያ ከነካሽ ትሞቻለሽ አላት። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ልጁን እንደ ዓይኑ ብሌን ስለሚሳሳላት ነው።

መስኮቱ ራሱ ግን ከተከፈተ ወራት አልፎታል። ገና ሳሉ ሲጀምረው፣ ንፋስ ነው የመታኝ ብሎ በአራት ምስማር ቸንክሮት፣ ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ቁራጭ ጠቅጥቆት ነበር። የሚሰፋውም፣ የሚበላውም፣ ከሚስቱና ከልጁ ጋር የሚተኛውም በዚያችው አንድ ክፍል ነው። ሚስቱ ታፈንን ባለች ቁጥር፣ ከሞት መታፈን ይሻላል እያለ አፏን ያስይዛታል።

ኪኒኑን በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት፣ ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ቤት ውስጥ ማን ማን እንዳለ ጠየቀችው። ሰውየው ጎሽ መባል አማረውና የኩባያውን ነገር አንድም ሳያስቀር ተረከላት። ነርሷ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ በሽታው በኩባያ እንደማይተላለፍ፣ የሚያስል ሰው ከትንፋሹ ጋር እንደሚበትነው፣ በተዘጋ ቤት ደግሞ አየሩ ላይ እንደሚቆይ አስረዳችው።

«መስኮትዎስ?» አለችው።

በምስማር መቸንከሩን አመነ። ሚጣ ማሳል ከጀመረች ሁለት ሳምንቷ ነው፤ እሱ ጉንፋን ነው ብሎ ልብስ ሲደርብላት ሰንብቷል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ትዝ አለውና የልጁን ሳል ለነርሷ ነገራት።

«ነገ ጠዋት ይዘዋት ይምጡ» አለች ነርሷ። «ይዟትም ከሆነ ይድናል። እርስዎ ግን ተሻለኝ ብለው ኪኒኑን እንዳያቋርጡ፤ ስድስት ወር ማለት ስድስት ወር ነው።»

ቤቱ እንደገባ ለሚስቱ የሰማውን ነገራት። አልጮኸችበትም፤ የልጅቷን ግንባር ዳሰሰች፤ እሱ ግን ብትጮህበት ይመርጥ ነበር። ፒንሳ አንስቶ ምስማሮቹን ይነቅል ጀመር። አራተኛው እምቢ ብሎ መዳፉን ላጠው። መስኮቱ ሲከፈት ብርሃንና የጎረቤት ወሬ አንድ ላይ ገቡ።

ከዚያ ኩባያውን አነሳ። እንደ ልማዱ ክሩን በጥርሱ በጠሰ፣ ውሃ ቀዳና ለሚጣ ዘረጋላት። ሚጣ ሁለት እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

«እንቺ ጠጪ፣ የኔ ልጅ። ኩባያው ምንም የለበትም።»

እሱን አየችው፣ እናቷን አየች። ሳሉ ያዛትና እስኪለቃት ቆመች።

«አባዬ፣ እኔ እኮ አልነካሁትም» አለች። «አንድም ቀን አልነካሁትም።»