ያልታሰረው ቀይ መቀነት

«ገመዱን ጣል» አለው ፖሊሱ።

ቱንጃይ ገመድ አለመሆኑን ለማስረዳት ቀዩን መቀነት ከፍ አድርጎ አሳየ። ባያሳይ ይሻለው ነበር፤ ወዲያው ከግድግዳው ጋር አጣበቁት።

እኛ ቱርኮች ዘንድ አባት የሌላትን ሙሽራ ወገቧን የሚያስረው ወንድሟ ነው። ሁለቴ ጠምጥሞ ይፈታል፣ በሦስተኛው ያስራል፣ ከዚያ አውጥቶ ለሙሽራው ወገን ያስረክባታል። የቱንጃይ እህት፣ ሙሽራዋ ኑርጃን ደግሞ ማልቀስ አለባት፤ የማታለቅስ ሙሽራ ለመሄድ ቸኮለች ትባላለች። እሷ ሟች አባቷ ትዝ ብሏት የምሯን አለቀሰች፤ ሕንጻው ሁሉ ሰማ።

ከላያችን ጀርመናዊቷ ወይዘሮ ሃርምስ አሉ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ እንጠነቀቃቸው ነበር። በዚያ ሳምንት በሌላ ከተማ አንድ የኛው ልጅ «ክብራችንን አዋረደች» ብሎ እህቱን ገድሎ፣ የጀርመን ቴሌቪዥን ማታ ማታ ስለ እኛ ይከራከር ነበር፤ ስለ ሻሻችን፣ ስለ ስግደታችን፣ ስለ ወንድሞቻችን። ወይዘሮ ሃርምስን አንዱም ክርክር አላመለጣቸውም። ደረጃውን ሲወርዱ በተከፈተው በር የምታለቅስ ልጅና ወገቧን የሚጠመጥም ወንድም አዩ። ለፖሊስ ደወሉ።

ቱንጃይን በካቴና በሙሽራው ዘመዶች መሃል አሳለፉት። ከበሮው ቆመ። እኔ አክስቷ ወርጄ ለሙሽራው እናት የጎረቤት ስህተት ነው ብዬ ነገርኳቸው። ለካ እሳቸውም ያንኑ ቴሌቪዥን ሲያዩ ነው የከረሙት። ጠጋ ብለው፣

«ወንድሟ ሊገድላት የነበረው ምን አድርጋ ነው?» አሉኝ።

ምንም አላደረገችም ብዬ ብምልም፣ ያለ ነገር ፖሊስ አይመጣም አሉ። አበባውን ከመኪናው ላይ በገዛ እጃቸው ነቀሉ። ልጃቸው መሪውን እንደጨበጠ ወደ መስኮቷ ቀና እንኳ አላለም።

ቱንጃይን አመሻሹ ላይ ይቅርታ ብለው ለቀቁት። መቀነቱንም በላስቲክ አሽገው መለሱለት።

በማግስቱ ወይዘሮ ሃርምስ የፖም ኬክ ጋግረው መጡ። የኑርጃን እናት በሩን ልትዘጋባቸው ስትል ኑርጃን አስገባቻቸው። ሠርጉ መቅረቱን ሰምተው ከልባቸው አዘኑ፤ ቢሆንም በሕይወት መኖር ይበልጣል አሉ፣ የልጅቷን እጅ እየደባበሱ።

«ለዚያች ለተገደለችው ምስኪንም አንድ ሰው ፖሊስ ጠርቶላት ቢሆን ኖሮ» አሉ።

ኑርጃን ኬኩን መቁረሷን አላቋረጠችም።

«ራሷ ጠርታ ነበር እኮ» አለች። «ለእሷማ አልመጡም።»