ግማሽ ጢም

«ኧረ ስልክሽን አጥፊው» አለች አክስቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ። «ለቅሶ ቤት ውስጥ እንዲህ ሲነዝር ሰው ምን ይላል?»

ደራሲዋ ስልኩን ደፍታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው እንጂ አላጠፋችውም። መልእክቱ የሚመጣው ምንም ካልሰሙ ሰዎች ነበር። «ነገ ነው አይደል?» ይላል አንዱ። «እኔ ከእናቴ ጋር ነው የምመጣው፤ ብቻዬን እፈራለሁ» ትላለች ሌላዋ። አዲሱ መጽሐፏ ለአንባቢ የሚቀርበው ነገ ነው። ማስታወቂያውን የለጠፈችው ራሷ ናት፤ አንድ ጥቁር በር፣ ከስሩ ደግሞ «ለመፍራት የቆረጣችሁ ብቻ ኑ» የሚል ጽሑፍ። ቦታው የታላቅ ወንድሟ ፀጉር ቤት ነው፤ ደንበኞቹንም እሱ ጠርቷቸዋል። ወንድሟን ደግሞ ትናንት ቀብረውታል።

አላለቀሰችም። ሰው ይገባል፣ ያቅፋታል፣ ትከሻዋን ያረጥባል፣ ይወጣል። እሷ የምታየው ሌላ ሌላውን ነው፤ የምንጣፉን የተተረተረ ጠርዝ፣ ጠረጴዛው ላይ የበረደውን ሻይ፣ የአንዱን ለቀስተኛ የተለያየ ካልሲ። ሰውነቷ የእሷ አልመስል ብሏታል፤ ለረጅም ሰዓት ተኝተውበት እንደደነዘዘ ክንድ።

ከወጥ ቤቱ በር ጋ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«ይቺ እኮ ናት ሁልጊዜ ስለ ሞት የምትጽፈው።»

«ጠርታ አመጣችው በይኛ!»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች።»

ሰምታለች። ግን ስለማታውቃት ሴት የሚያወሩ ያህል እንኳ አልከነከናትም።

የመጀመሪያ መጽሐፏን ይዛ የዞረች ጊዜ አሳታሚዎቹ ሁሉ «እንዲህ ያለ ነገር የሚያነብልሽ የለም» ብለው መልሰዋታል። እልህ ይዟት ራሷ አሳተመችው። ካርቶኖቹ አልጋ ስር ገብተው አቧራ ሲጠጡ፣ አንድ እሑድ ወንድሟ መጣና አንዱን ካርቶን ጎትቶ አወጣው።

«ጭራቄ» አላት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጠራት እንደዚያ ነው። «አልጋ ስር ማን ይገዛሻል? አይጥ?»

«ተወኝ ጋሼ፤ ሰው አልፈለገውም።»

«ሰው መች አየውና ነው የሚፈልገው?»

ካርቶኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ። መጽሐፎቹን ከመስተዋቱ ስር በማበጠሪያውና በአልኮሉ መሃል ደረደራቸው። ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት ፊቱን ሊላጭ የሚገባ ሰው ሁሉ ጉዱ ፈላ። አንገቱ በጨርቅ ታስሮ፣ ፊቱ አረፋ ለብሶ፣ መሸሻ የሌለው ሰው ላይ ፀጉር አስተካካዩ መጽሐፍ ይገልጣል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያነባል፣ ቆም ይላል፣ በምላጩ ወደ መስተዋቱ ያመለክታል። ልክ በታሪኩ ውስጥ ያለችው ልጅ የበሩን እጀታ ስትይዝ መጽሐፉን ጧ አድርጎ ይዘጋዋል።

«ከዚያስ?» ይላል ደንበኛው ከነአረፋው።

«ከዚያማ ገዝተህ እወቅ!»

ሰውየው ካመነታ ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል። «አይዞህ፣ መጨረሻው ደህና ነው።»

እሷ ይህን ስትሰማ ትስቅ ነበር። የእሷ መጽሐፍ መጨረሻው ደህና ሆኖ አያውቅም። በየመጽሐፉ ልጅቷ በሩን ትከፍታለች፣ አለቀላት። ወንድሟ ገበያ ያውቃል፣ አጭበርባሪ ነው፣ ብላ ታልፈው ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ወደ ለቅሶ ቤቱ ገባ። የግራ ጉንጩ በደንብ ተላጭቷል፤ የቀኙ ሽበት የተቀላቀለበት ጢም እንዳንዠረገገ ነው። የወንድሟ ደንበኛ የሆነው የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ወንድሟ በመጨረሻው ጠዋት ሲላጨው የነበረው እሱን ነው። ፊቱን አጋምሶ፣ ከአዲሱ መጽሐፍ ትንሽ አንብቦለት፣ «አንዴ አየር ልውሰድ» ብሎ ወጣ። ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፤ በዚያው አልተነሳም።

«ልጨርስልህ ብለው አሻፈረኝ አለ» አለ ከወንድሟ ጋር የሚሠራው፣ ሁሉም ቀጭኑ የሚለው አስተካካይ። «መንገድ ላይ ልጆች ይስቁበታል እኮ።»

«ይሳቁ» አለ ሹፌሩ። ከእሷ ፊት ለፊት ተቀመጠና ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኖረ። «እግዜር ያጽናሽ ልጄ። ... እንዲያው ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ነገ እንምጣ ወይስ እንቅር? ሰዉ እየጠየቀኝ ነው።»

«የምን ነገ?» አለች አክስቷ። «አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ?»

ያን ጊዜ ጥግ ላይ ተሸፋፍና የተቀመጠችው የወንድሟ ሚስት ቀና አለች።

«ወንድምሽ አንድም መጽሐፍሽን ጨርሶ አያውቅም» አለች።

«ምን?»

«ይፈራ ነበራ! በሩ ጋ ሲደርስ የሚዘጋው ለገበያ ይመስልሻል? ከዚያ ወዲያ ማንበብ አይችልም። ቤት አምጥቶ ለእኔ ይሰጠኛል። 'አንቺ አንብቢና ንገሪኝ' ይለኛል። የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። 'ልጅቷ ተረፈች?'»

«አንቺስ ምን ትይዋለሽ?»

«ተረፈች እለዋለኋ። እንዴት ብዬ ሌላ ልበለው? ደስ ብሎት ነው የሚተኛው።»

ሹፌሩ ድንገት ሳቀና ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው አፉን በኮፍያው ሸፈነ። «እኛም እናውቅ ነበር» አለ። «እኔ የመጀመሪያውን አንብቤ ስንት ሌሊት መብራት ሳላጠፋ አደርኩ። ተናድጄ ልወርድበት ሄድኩልሽ። ገና ከበሩ ሲያየኝ 'ልጅቷ ተርፋ መውጣቷ አንጀት አያርስም?' አለኝ። ፊቱን ብታይው! 'በጣም እንጂ' አልኩት፣ ተቀመጥኩ፣ ተላጨሁ። ሌሎቹንም ብትጠይቂያቸው እንዲሁ ነው። ማንም ሊነግረው አልቻለም።»

ደራሲዋ እጇን ተመለከተች። ልጆች ሆነው መብራት በጠፋ ቁጥር ተረት የምትፈጥረው እሷ ነበረች፤ ቁምሳጥን ውስጥ ስለሚተነፍስ ነገር፣ ጣሪያ ላይ ስለሚሄድ እግር። ወንድሟ እጇን ጥብቅ አድርጎ ይይዛታል። «አንቺ እንዳትፈሪ ነው» ይላታል። መዳፉ ሁልጊዜ ላብ በላብ ነበር። ሙቀቱ ነው ብላ አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም።

«ሂጂ» አለች እናቷ።

ከጠዋት ጀምሮ አልተናገረችም ነበርና ሁሉም ዞሮ አያት።

«አንቺ ደግሞ!» አለች አክስቷ። «ነውር ነው እኮ።»

«ሰዎቹን የጠራቸው ልጄ ነው» አለች እናቷ። «እሱ የጠራውን እንግዳ ደጅ አላስቀርም። ነጠላ ጫማ አድርገሽ ግን እንዳትሄጂ፤ ሰው ፊት ነው የምትቆሚው።»

በማግስቱ ቀጭኑ መዝጊያውን ወደ ላይ ሲገፋው ውጭ የቆሙት ከተጠበቀው በላይ ነበሩ። የሰሙት ቀስ ብለው ገቡ፤ ያልሰሙት እየሳቁ መጥተው በሩ ላይ ተነግሯቸው ፊታቸው ተለወጠ። መቀመጫው ሞላ። የወንድሟ ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም። እሷም አልተቀመጠችም፤ ከጎኑ ቆመች።

ለዚህ ቀን በመስተዋት ፊት የተለማመደችው ድምፅ ነበራት፤ የሚወርድ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ሰው የሚያስደነግጥ። ያ ድምፅ የለም። የመድኃኒት አወሳሰድ እንደሚያነብ ሰው አንድ ዓይነት አድርጋ አነበበች። ክፍሉ እየጠበበ መጣ። አንዲት ሴት የልጇን ክንድ ያዘች። በመጽሐፉ ውስጥ ልጅቷ ኮሪደሩን ጨረሰች፣ በሩ ጋ ደረሰች፣ እጀታውን ያዘች።

ቀጣዩን ገጽ ደራሲዋ በቃሏ ትወጣዋለች። ስትጽፈው ሻይ እየጠጣች ነበር፤ እንዲያውም ዓረፍተ ነገሩ አማረልኝ ብላ ፈገግ ብላለች። አሁን ጣቷ ገጹ ጫፍ ላይ ቀረ። መግለጥ አቃታት። እንባ አልመጣም። መዳፏ ብቻ ረጥቦ ወረቀቱ ላይ ተጣበቀ። ይህን ሁሉ መጽሐፍ ጽፋ፣ ከበር ወዲያ ያለውን ነገር ስትፈራ የመጀመሪያዋ ነበር።

መጽሐፉን ዘጋችው።

በመስኮቱ በኩል የቆመች ወጣት፣ ለዚህ ቤት እንግዳ መሆኗ ያስታውቃል፣ እጇን አወጣች። «እ... ልጅቷስ? ትተርፋለች?»

ሹፌሩ ደራሲዋን ቀድሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አይዞሽ» አለ። «መጨረሻው ደህና ነው።»

ከኋላ አንዱ ፈነዳ፤ ሳቅ ነው ሲሉት ወደ ግድግዳው ዞሮ ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር። ሌሎቹም ተከተሉት፤ ሲስቁ ነው ሲያለቅሱ መለየት አስቸጋሪ ነበር። ወጣቷ ግራ ገብቷት ተራ በተራ አየቻቸው።

መጽሐፎቹ አለቁ። ሁሉም እሷን ጨብጦ፣ አንዳንዱ ወንበሩን በእጁ ነካ አድርጎ ወጣ። ቀጭኑ ቁልፉን መደርደሪያው ላይ አስቀምጦላት እሱም ሄደ።

ብቻዋን ስትቀር ከጥግ መጥረጊያ አነሳች። ቤቱ ከዚያ ጠዋት ወዲህ ስላልተሠራበት ወለሉ ላይ አንዲት ፀጉር አልነበረችም። ቢሆንም ጠረገች፤ ከመስተዋቶቹ ስር፣ ከወንበሩ ዙሪያ፣ እስከ በሩ ድረስ። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ወንድሟ የተቀመጠባትን ቦታ አልነካችም፤ ጎንበስ ብላ፣ ሰው እግሩን እስኪያነሳላት እንደምትጠብቅ፣ ዙሪያዋን ብቻ ቀስ አድርጋ ጠረገች።